ከወጣሽ በኋላ ወረቀቱ ላይ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የወረኢሉ ልጅ ነኝ። በ2016 ዓ.ም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄአለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ ደሴ አክስቴ ቤት ሆኜ ሱቋን አግዛታለሁ። ሁለት ቦታ ቃለ መጠይቅ ገብቼ ሁለቱንም አልተሳካልኝም። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት ጠርቶኛል፤ የፊታችን ማክሰኞ ነው። የሥራ ልምድ የለኝም። ስለ ራሴ ማውራት ያሳፍረኛል፣ ጉራ ይመስለኛል። ሒጃብ እለብሳለሁ፣ ወንድ አልጨብጥም፤ እሱም ያስጨንቀኛል። በዚያ ላይ ‹ያለ ሰው አትገቢም፣ ቦታው ተይዟል› ይሉኛል። ጥሩ ግምት እንዲያድርባቸው ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አብሽሪ እህቴ። ታናሼ ነሽና «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጠያቂ ሆኜ የተቀመጥኩባቸውን ቀኖች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ስለዚህ ከምክሩ በፊት አንቺ የማታይውን ላሳይሽ። በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ክፍሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰው እንሆናለን። አንዱ ከሰው ሀብት ነው። አንዱ የፋይናንስ ኃላፊው ነው፤ የሙያውን ጥያቄ የሚጠይቅሽ እሱ ነው። ሌላው ከአስተዳደር ይመጣል። በየፊታችን የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ። የሙያ ዕውቀት፣ የመግባባት ችሎታ፣ የሥራ ተነሳሽነት እያለ በሠንጠረዥ ይወርዳል። ከታች «አስተያየት» የምትል አንዲት ባዶ መስመር አለች። አንቺ ስትወጪ ነጥቡን እንሞላለን፣ ሻያችንን ፉት እንላለን፣ ቀጣዩ ይገባል።

እስከ ምሳ ስምንት ሰው። ከምሳ በኋላ ሌላ ስድስት። ማታ ነጥብ ስንደምር መልኩ ሁሉ ተደበላልቋል። «ያቺ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችው ናት?» «አይ፣ እሷ ከሐይቅ ከተማ የመጣችው ናት።» «ከሐይቅ የመጣው ወንድ አልነበረም እንዴ?» ይህን ንግግር ስንቴ እንደሰማሁት! ነጥቡ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ነው። 71፣ 72፣ 70። ያኔ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ያቺ አስተያየት የምትባል መስመር ላይ ነው።

አንዷ ቅጽ ላይ «ጥሩ ናት» ይላል። ሌላው ላይ «ጨዋ ልጅ» ይላል። ሦስተኛው ላይ «የሱቅ ዱቤ መዝገብ በደንበኛ ከፋፍላ አስተካክላለች» የሚል ተጽፏል። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ሲያነብ «እንዴ፣ እሷማ!» ይላል። መልኳ ይመጣለታል፣ ድምፅዋ ይመጣለታል። የሌሎቹ አይመጣለትም።

ጥሩ ግምት የሚባለውን እኔ በዚህ ነው የማየው። ለጠያቂው ብዕሩን አንስቶ የሚጽፈው አንድ ነገር መስጠት ነው። የሚጽፈው ካጣ «ጥሩ ናት» ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያች መስመር ላይ ነው የሚያርፈው።

«ጉራ ይመስለኛል» ላልሽው በደንብ ይገባኛል። እኛ ያደግነው ሰው ያመስግንህ እንጂ ራስህን አታመስግን ተብለን ነው። ወሎ ውስጥ ሴትየዋ ሽታው ሰፈር የሚጠራ ቡና አፍልታ እንኳ ስኒውን ስታቀርብ «ዛሬስ አልሆነልኝም» ነው የምትለው። እንግዳው ደግሞ «ኧረ ምን ጎድሎት!» ይላታል። አየሽ፣ ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ኧረ ምን ጎድሎት!» የሚልሽ የለም። «አልሆነልኝም» ካልሽ «አልሆነላትም» ተብሎ ይጻፋል።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ወጣት ሆኜ የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄ ላይ «ስለ ራስህ ንገረን» ተባልኩ። እኔ የት እንደተወለድኩ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆንኩ፣ አባቴ ምን እንደሚሠራ ጀመርኩ። ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርቴን ሳልጨርስ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «እሺ፣ ምን ትችላለህ?» አለኝ። «ምንም አልችልም፣ ግን ቶሎ እማራለሁ» አልኩ። ትሕትና መስሎኝ ነው! አጠገቡ ያለው ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፋይሌን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ «እንጠራሃለን» አለኝ። ከፊቱ ያለው ወረቀት ላይ የጻፈውን ገልብጬ አነበብኩት፤ «ልምድ የለውም» ይላል። ሁለት ቃል። የማንን ስም እንዳልጠራ ብዬ ነው እንጂ ቤቱንም ወንበሩንም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሚያናድደው፣ ልምድ ነበረኝ። አጎቴ ወፍጮ ቤት ሦስት ክረምት ሙሉ ሂሳብ ይዣለሁ። ስንት ኩንታል ተፈጨ፣ ስንት ነዳጅ ገባ፣ ማን ስንት ዕዳ አለበት ሁሉ በእኔ እጅ ነበር። ሥራ መሆኑ አልታየኝም። የቤት ነገር ነዋ!

አሁን ወደ አክስትሽ ሱቅ እንምጣ። «የሥራ ልምድ የለኝም» ብለሽ ከዚያው አስከትለሽ «ሱቋን አግዛታለሁ» አልሽኝ። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ብሆን እዚያ ላይ ነው የማቆምሽ። ዕቃ ሲመጣ የሚረከበው ማነው? ዱቤ የሚመዘግበው ማነው? ሱቁ ውስጥ ስንት ዓይነት ዕቃ አለ? በወር አንዴ ትቆጥራላችሁ? ጎድሎ ያውቃል? ጎድሎ ከሆነ ከየት እንደጎደለ ማን አገኘው? ዛሬ ማታ ደብተር ይዘሽ ተቀመጪና እነዚህን ለራስሽ መልሺ። በቁጥር ይሁን። የዱቤ ደንበኛ 34 ከሆነ 34 በይ፤ «ብዙ» አትበይ። የሌለ ነገር ደግሞ እንዳትጨምሪ። የፋይናንስ ሰው ውሸት ሲሰማ አፍንጫው ያሽተዋል፤ ሁለት ተከታይ ጥያቄ ጠይቆ ያወጣዋል።

ሌላም አለ። ደንበኞች በቴሌብርና በባንክ ይከፍላሉ አይደል? ማታ ማታ ስልኩ ላይ የገባውን መልእክት ከደብተሩ ጋር ታመሳክሪያለሽ። ያልገባ ሲኖር «ላክሁ ብሎ ነበር፣ አልገባም» ትያለሽ። ይሄ እኮ ዩኒቨርሲቲ «ባንክ ሪኮንስሊየሽን» ብለው ያስተማሩሽ ነው! በመዝገባችን ያለውንና ባንኩ ያለውን ማስታረቅ። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ጥያቄ ማምጣቱ አይቀርም። ብዙው ሰው ከመጽሐፍ የሸመደደውን ትርጉም ያነበንባል። አንቺ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር በይና «እኔ በየማታው በትንሹ የምሠራው ነው» ብለሽ አንድ ቀን የሆነውን አስከትይ።

ልዩነቱን በዓይንሽ እንድታይው ሁለት መልስ ልጻፍልሽ። ጥያቄው «ስለ ራስሽ ንገሪን» ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። «እኔ የተወለድኩት ወረኢሉ ነው። ትምህርቴን እዚያው ተከታትዬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ። በቡድን መሥራት እችላለሁ። ዕድሉ ቢሰጠኝ ራሴን አሻሽላለሁ።» ይህን በአንድ ቀን አሥራ አራት ጊዜ ሰምቼ አውቃለሁ። ቃል በቃል።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። «በአካውንቲንግ በ2016 ተመርቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ የአክስቴን ሱቅ ሂሳብ እኔ ነኝ የምይዘው። ስረከበው የዱቤው ደብተር በቀን ቅደም ተከተል ነበር የሚጻፈው፤ አንድ ሰው ስንት እንዳለበት ለማወቅ ደብተሩን ሙሉ ማገላበጥ ነበረብን። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ከፈትኩለት። የተረሱ ዕዳዎች ወጡ። አሁን አክስቴ ስትጠየቅ ወዲያው ትመልሳለች።» አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። አንዲት የጉራ ቃል ካገኘሽበት ንገሪኝ። በርግጥ ይህ የእኔ ግምት ነው፤ አንቺ በሱቁ የሆነውን እንደሆነው አድርጊው።

አንድ የምለምንሽ ነገር፣ «እኛ» አትበይ። ይህም የአስተዳደጋችን ነው። «ሠርተናል፣ አስተካክለናል፣ ጥናታዊ ጽሑፍ አቅርበናል።» ማን? አምስት ሆናችሁ የሠራችሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አንቺ ምን ሠራሽ? መጠይቁን የበተንሽው አንቺ ከሆንሽ «እኔ በትኜ እኔ ሰበሰብኩ» በይ። «እኔ» ማለት ለአንዳንዱ ልጅ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በእግር ከመውጣት ይከብደዋል። ቤት ውስጥ ተለማመጂው። አክስትሽን ጠያቂ አድርጊያት። አክስቶች ጨካኝ ጠያቂ ናቸው፣ ጥሩ ነው።

የሙያ ጥያቄው ላይ አሁን ዝግጅትሽን አጥብቂ። ለጀማሪ ቦታ ከባድ ነገር አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ቀላሉን ነው፣ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። በብዛት የሚመጣው ደመወዝ ነው። ነጭ ወረቀት ይሰጡሽና «ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በእጁ ስንት ይገባዋል?» ይሉሻል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። አንቺ ክፍል ውስጥ የተማርሽው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ አሮጌው ነው። ሕጉ በ2017 ዓ.ም ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ እርከኖቹም ተቀይረዋል። በድሮው የሠራ ተፈታኝ «ከተመረቀ ወዲህ ምንም አላነበበም» ተብሎ ይጻፍበታል። አይቻለሁ።

በአዲሱ እንሥራው። የመጀመሪያው 2,000 ግብር የለውም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። ከ7,000 እስከ 10,000 ባለው 3,000 ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። ግብሩ 1,650 ብር ሆነ። ከሠራተኛው የሚቆረጠው ጡረታ 7 በመቶ ነው፣ 700 ብር። የተጣራው 7,650 ብር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቅሽ «ድርጅቱ ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ለጡረታ ያስገባል» በይ። እዚህ ላይ የኃላፊው ቅንድብ ከፍ ይላል። ለምን መሰለሽ? አብዛኛው ተፈታኝ ከሠራተኛው የሚቆረጠውን ብቻ ሠርቶ ወረቀቱን ይመልሳል። አንቺ የድርጅቱንም ወጪ አየሽ። እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አሰብሽ ማለት ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን፣ ዋጋው ታክሱን ጨምሮ ሲነገር ወደ ኋላ እንዴት እንደሚወጣ ተለማመጂ። 1,150 ብር ታክሱን ጨምሮ ከሆነ ታክሱ 150 ነው፤ የ1,150ን 15 በመቶ የሚያሰላ ስንት ምሩቅ እንዳለ ብነግርሽ አታምኚኝም። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ከከፈትሽ ከቆየሽ ደግሞ ጓደኛሽ ጋ ሄደሽ አንድ ሁለት ሰዓት ነካ ነካ አድርጊው። «ችያለሁ» ካልሽ ኮምፒውተሩን ወደ አንቺ ያዞሩታል።

የማታውቂው ጥያቄ ከመጣ? «ይህን አልሠራሁትም፤ ቢያጋጥመኝ መጀመሪያ ይህን አያለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ» በይ። ገንዘብ የሚነካ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ እኛ ዘንድ ነጥብ ያስገኛል። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው ነው የሚያስፈራን።

ስለ ልብስና ስለ መንገድ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የዚህ አገር የሆነውን ብቻ ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ። የደሴ ልጅ ጠዋት በብርዱ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቦ ይወጣል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ይገባል፤ እኛ ደግሞ ፍርሃት ይመስለናል። ከላይ የሚወልቅ ነገር ደርቢ፣ ከበሩ ውጭ አውልቂና ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ልብሱ አዲስ መሆን የለበትም፤ የታጠበና የተተኮሰ ይሁን። ጫማሽ ጥርግ ይበል።

መንገዱን አትመኚው። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ መኪናው ሁሉ እየዳኸ ነው የሚሄደው። አንድ ከባድ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ከቆመ ደግሞ ሰዓትሽ እዚያው አለቀ። ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ዋዜማውን ወርደሽ እደሪ። ካልሆነ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውረጂና እዚያ አካባቢ ሻይ ጠጥተሽ ጠብቂ። ሰዓቱንም አጣሪ! የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በፈረንጅ ሰዓት የሚቀጥሩ በዝተዋል። «9፡00» ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ? አንድ ጎበዝ ልጅ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽክ ብሎ መጥቶ ያገኘው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። ደውለሽ ጠይቂ፤ መጠየቅሽ አያስንቅሽም።

መጨባበጡ አያስጨንቅሽ። እዚህ ወሎ ነው ያለሽው። ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ፈገግ ብለሽ፣ ትንሽ ዝቅ ብለሽ ሰላም በያቸው። ግማሹ ጠያቂ የገዛ እናቱ እንዲያ ስትል ነው ያደገው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የሚያስቀይመው ሌላ ነው፤ ሰውየው እጁን ዘርግቶ አንቺ ተደናግጠሽ ወደ ኋላ ስትሸሺ ነው። ስለዚህ ቅደሚው። ገና ከበሩ እጅሽ ደረትሽ ላይ ይድረስ፤ ያኔ እሱም እጁን አይዘረጋም። የውጭ አገር ሰው ካለም ያው ነው፤ ሲያይሽ ይገባዋል።

ዓይን ላይ ግን ትንሽ ልቆጣሽ ነው። እኛ ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ብለን መሬት እያየን እንመልሳለን። ጠያቂው ደግሞ ፊትሽን ማየት ይፈልጋል። ዓይን ዓይኑን ማየት ከከበደሽ ግንባሩን እዪ፤ እሱ ልዩነቱን አያውቅም። ለጠየቀሽ ሰው ጀምረሽ ለሌሎቹም አዳርሺ።

አነጋገርሽን ለመቀየርም አትድከሚ። አዲስ አበባ ከርሞ የመጣ ለመምሰል ቃል የሚያጣምም ልጅ አይቼ አዝኛለሁ። የወሎ ለዛሽን እንደያዝሽ ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ። በእንግሊዝኛ ከጠየቁሽ በእንግሊዝኛ ጀምሪ፤ ከተያዝሽ «ይህን በአማርኛ ብገልጸው ይሻለኛል» ማለት ትችያለሽ። ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ የምትችይ ከሆነ ደግሞ ሳትናገሪ እንዳትወጪ። የኮምቦልቻ ንግድ ከከሚሴም ከባቲም ጋር ነው፤ ደንበኛ በስልክ የሚያናግር ሂሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል።

ምናልባት «ትምህርቱ ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀ?» ካሉሽ አጭር አድርጊው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው መዘረፉን፣ ትምህርት መቋረጡን ጠያቂዎቹም ያውቁታል፤ የእነሱም ፋብሪካ አልቀረለትም። «በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር፣ ስንመለስ ጨረስኩ» በቂ ነው። እዚያ ላይ ከተቀመጥሽ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እነሱም ሆድ ይብሳቸዋል፣ ሂሳቡም ይረሳል።

ደመወዝ። «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ ሁሉም ሰው «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ይላል። ስህተት አይደለም፣ ግን ባዶ መልስ ነው። ኮምቦልቻ የሚሠሩ የክፍልሽ ልጆች አሉ፤ ለጀማሪ ስንት እንደሚከፈል ከሁለት ሦስቱ ጠይቂ። ከዚያ «ከዚህ እስከዚህ እንደሚከፈል ሰምቻለሁ፤ ስኬላችሁ እዚያ መካከል ከሆነ ደስ ይለኛል» በይ። የተጣራ ነው ያልተጣራ የሚለውን አጥሪ፤ የሂሳብ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢወጣ ያሳፍራል። ከደሴ የሠራተኛ ሰርቪስ መኖር አለመኖሩም ያው ደመወዝ ነው። በየቀኑ ደርሶ መልስ ምን ያህል እንደሚወስድብሽ አስቢው።

ኮንትራቱን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ወረቀት ካየሽ በጨዋነት ጠይቂ።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መነሳት ልማዳችን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ብዕሬን ይዤ የምጠብቀው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ «ከዚህ በፊት በዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው ምን ነገር ተቸግሮ ነበር?» ብላ ጠየቀችን። ተያየን። የፋይናንስ ኃላፊው የስቶርና የሂሳብ መዝገብ እንደማይገጥም አምስት ደቂቃ አወራት። እሷም «እኔ ብሆን መጀመሪያ ቆጠራ እጠይቃለሁ» አለች። ቅጹን ስንሞላ የሦስታችንም አስተያየት ያንኑ ጥያቄ ጽፎ ተገኘ። አንቺ የራስሽን አግኚ። «ሂሳቡ በምን ሶፍትዌር ነው የሚሠራው?» የሚለው እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

«ያለ ሰው አይሆንም» ላልሽው፣ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ቦታው ለማን እንደሆነ እየታወቀ ለወጉ ኮሚቴ ተቀምጬ አውቃለሁ። ተነስቼ ወጣሁ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ አልወጣሁም። ቁጭ ብዬ ነጥብ ሰጠሁ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲያ አይደለም። በተለይ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የማይችል ዘመድ ማስገባት ዋጋ ያስከፍላል፤ ኦዲተር ይመጣል፣ ጉድለት ይወጣል። ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን ተጠባባቂ ብለን እንይዛለን። ጀማሪ ቦታ ላይ የተቀጠረው ሁለት ወር ሳይሞላው የተሻለ አግኝቶ መሄዱ የተለመደ ነው። አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት ተጠባባቂውን መጥራት ይቀላል። በዚህ መንገድ የገቡ ልጆችን በሁለት እጄ ጣት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ገንዘብ አምጪና ላስገባሽ የሚል ደላላ ከመጣ ግን እንኳን ብር ቡናም አትጋብዢው።

የወደቅሽባቸውን ሁለቱን ቦታዎች አትርሺ። የጠየቁሽን ጥያቄዎች ዛሬውኑ ጻፊያቸው። ማክሰኞ ግማሹ ተመልሶ ይመጣል።

ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽን፣ የመውጫ ፈተና ውጤትሽን ዋናውንም ኮፒውንም በአንድ ክላሰር ያዢ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ይኑርሽ፤ «እስክሪብቶ አውሱኝ» የሚል ሂሳብ ሠራተኛ አያምርም።

ስልክሽን ደግሞ ክፍት አድርጊ። ከማታውቂው ቁጥር ሲደወል አንሺ። ተለዋጭ ብለሽ የአክስትሽን ቁጥር ከሰጠሽም ቀድመሽ ንገሪያት። አንድ ጊዜ አንዲትን ልጅ «አልፈሻል» ልንላት ደውለን ስልኳ አልሠራ አለ። በተለዋጩ ስንሞክር አንዲት እናት አነሱ። ከፋብሪካ ነው የምንደውለው ስንል ደነገጡ። «ያረቢ! ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ዘጉት። መልሰን ብንደውል አያነሱም። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ልጅቷ ራሷ እየሮጠች የመጣችው። እናትየዋ ለካ ሁለቱን ቀን ሙሉ ሲያፋጥጧት ነው የከረሙት።